ማንም ያልነካው ግድግዳ

ይድረስ ለእትዬ፤ ከእኔ ቀድመሽ ለተወለድሽው፣ ከእኔ ቀድመሽ ለሄድሽው፣ ከልቤ ግን ፈቀቅ ላላልሽው ታላቅ እህቴ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ ብርድ ሲነካው እንደ ነገረኛ ጎረቤት እንቅልፍ የሚነሳሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? ባልሽስ፣ ያ ዝምታውን እንደ ኮት ለብሶ የሚውለው ደጉ አማቻችን፣ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? ትልቋ አሁንም ጥያቄ ታበዛለች? ታብዛ፤ በዘራችን የሚጠይቅ ሞልቷል፣ የሚመልስ ነው የጠፋው። እኔን ብትጠይቂኝ አለሁ። ዓይኔ ክር ከመርፌ ያገናኛል፣ እግሬ ፔዳል ይረግጣል፤ ለልብስ ሰፊ ከዚህ በላይ ጤና የለም። እማዬም ድናለች። ይህን ቃል ደግሜ ልጻፈው፤ እማዬ ድናለች። የደገምኩት ወድጄ አይደለም፤ ወሬውን እንደ ምሥራች ያልተቀበሉ ሰዎች በቤታችን ስላሉ ነው።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት እንደያዝኩ ይገርምሽ ይሆናል። እንደምታውቂው ታላቅ ወንድማችን ጋሼ አንቺ ከባሕር ማዶ ስትደውዪ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ስልክ መሆኑ ይቀርና ስብሰባ ይሆናል። ደግሞም በእኛ ቤት በስልክ የተባለ ነገር አባት የለውም። «እኔ ነኝ ያልኩት?» ይባላል፣ «መቼ?» ይባላል፣ ሲጨንቅ ደግሞ «መስመሩ ይቆራረጥ ነበር እኮ» ይባላል። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ፣ መቀሱንና ሜትሩን ገፋ አድርጌ ይኸው ከሥሩ ጀመርኩልሽ።

እማዬ ሐሞቷን ታማ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትላክ አብሬያት የሄድኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ጋሼ ሥራ ነበረበት። ሚስቱም ጋሼ ነበረባት። እኔ ሚስትም አለቃም ስለሌለኝ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ደግ የሙያ ባልደረባ ከሱቁ ጥግ ትርፍ ማሽን ሰጠኝ። ጠዋት እማዬን አያለሁ፣ ቀን እሰፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የእጅ ስፌቴን ይዤ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ። ነርሷ መጀመሪያ «ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ ልብስ ስፌት ቤት?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር፤ የጋውኗን ኪስ ከሰፋሁላት ወዲህ ግን ደንቡ ላላ።

ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ ቁስሉ አመረቀዘ። እማዬ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ራሷን የማታውቅ ሆና ከረመች። በዚያ ክፉ ሰሞን ነው ጋሼ የደወለው። እንዴት ናት አለኝ፤ እንዳለች ነገርኩት። «አይዞን» አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ሚስቱ አዲስ መጋረጃ እንደምትፈልግ ነገረኝ። ወይዘሮ ሳሎን ብለን ስም ያወጣንላት አንቺና እኔ መሆናችንን አትርሺ፤ የእንግዳ መቀበያዋን ከባሏ አስበልጣ ስለምትወድ። ልኩን ሰጠኝ። ሰፊ ነው። የሳሎናችንን መስኮት እንደ መዳፌ ስለማውቀው «አልበዛም?» አልኩት። «አንተ ባልኩህ ልክ ስፋ» አለኝ። መጋረጃ ሲሰፋ ጨርቁ ከሚጋርደው ቦታ እጥፍ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሽብሽብ አይኖረውም። እኔ ሞኙ፣ ዘንድሮስ ወንድሜ ሰው ሆኖ እጥፉን ራሱ አስልቶ ሰጠኝ ብዬ ተደሰትኩ። ሰው ለዘመዱ መልካም ሲያስብ የሚታለለው እንዲህ ነው።

ጨርቁ ወይን ጠጅ ነበር፤ ከባድና ልስልስ። ጠርዙን በእጄ ስቀመቅም ወለል ላይ እንዳይጎተት ጫፉን ለእማዬ አስያዝኳት። ያን ሰሞን ማንኪያ እንኳ ከእጇ ይወድቅ ነበር፤ ጨርቁን ግን አልለቀቀችውም። በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አደረገችና የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሳሎናችን ነው አልኳት። «ቀለሙ ደስ ይላል፤ ደግ እንግዳ ይግባበት» ብላ መረቀችው። ይህን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጋረጃውን በመኪና ላክሁላቸው፤ ደረሰ፣ አመሰግናለሁም ሳይባል ቀረ። ከዚያ በኋላ እማዬ ሐኪሞቹንም እኔንም አስደንቃ ተነሣች። መጀመሪያ ተቀመጠች፣ ቀጥላ ቆመች፣ ቀጥላ የጎን በሽተኛዋን «እንዲህ አይታኘክም» ብላ መምከር ጀመረች፤ ያኔ በእርግጥ እንደዳነች አወቅኩ። ሐኪሙ በቅርቡ ቤቷ ትገባለች ሲለኝ መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሼ ነው። እትዬ፣ ያን ዝምታ ብትሰሚው። እንዲያ ያለ ዝምታ የማውቀው ልብሱን ሳልጨርስለት ደንበኛ ከች ሲልብኝ ከራሴ አፍ ብቻ ነው። በመጨረሻ «መውጣቷ ነው?» አለኝ። «መዳኗ ነው» አልኩት። «አይ፣ ጥሩ… ጥሩ» አለ።

ክፍሏን ላሰናዳላት ብዬ እማዬን ለነርሷ አደራ ሰጥቼ ቀድሜ መጣሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ክው ብዬ ቀረሁ። የሰው ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። የሳሎኑንና የእማዬን ክፍል የሚለየው ግድግዳ የለም። አልጋዋ በነበረበት ሶፋ ተንፈላስሷል። ትራሷ በነበረበት በኩል ቴሌቪዥን ተሰቅሎ አንድ ሰውዬ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። ያቺ ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ አካሄዱን የምትተችባት መስኮቷ ከሳሎኑ መስኮት ጋር ተደርባ በአንድ ወይን ጠጅ መጋረጃ ተጋርዳለች። መጋረጃው ከጥግ እስከ ጥግ እንደ አንሶላ ተወጥሯል፤ አንዲት ሽብሽብ አላየሁበትም። ያኔ ገባኝ። የሰጡኝ የጨርቅ ልክ አልነበረም፤ የግድግዳ ልክ ነበር። የሁለቱ ክፍሎች ልክ፣ አንድ ላይ ተለክቶ። እናታችን ጫፉን ይዛ የመረቀችው የገዛ ክፍሏን መሸፈኛ ነበር።

ወይዘሮ ሳሎን ሰላምታዋን ሳትጨርስ ወደ መጋረጃው እያመለከተች «ጨርቁን ቆጠብክብን፤ ሽብሽብ የለውም እኮ» አለችኝ።

አልጋውን ፈልጌ ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘሁት። እግሮቹ ተፈትተው በገመድ ታስረዋል፤ በአሮጌ ጎማና በተሰበረ መሰላል መሀል በጎኑ ቆሟል። ልብሷ በጆንያ ነው። ከጆንያው ላይ የቤት ጫማዋ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል፤ እግር እንደማይጠብቅ ጫማ። ማልቀስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ግን ከሳሎን የአየር ሁኔታው ሰውዬ ነገ ፀሐያማ ነው ሲል ሰማሁና ሳቄ መጣ።

ግድግዳው የት ሄደ? አልኩ። እንግዲህ የቤተሰባችንን ተሰጥኦ ስሚ። ጋሼ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ወደቀ» አለኝ። ምን ጣለው? ዝናብ። እትዬ፣ እዚህ ዝናብ ከጠፋ የከረመ ነው፤ ያን ቀን ጠዋት ራሱ ጎረቤታችን በየቤቱ ባልዲ ይዞ ውሃ ሲለምን ነው ያገኘሁት። ይህን ስለው ትንሽ አሰብ አደረገና «የዘንድሮ ሳይሆን የድሮው ዝናብ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ሲበላው ቆይቶ» አለ። ዝናቡ አልበቃ ሲል አይጦች ተከሰሱ። ከአይጦቹ ቀጥሎ በመንገድ ያለፈ ከባድ መኪና ተከሰሰ። አንድ ግድግዳ ይህን ያህል ጠላት እንዳለው ሳላውቅ በጥላው ሥር አድጌያለሁ። ጡቦቹ ግን ተፍቀውና ጸድተው በረንዳው ሥር በረድፍ ተደርድረዋል። ራሳቸው ናቸው የተደረደሩት? ስለው «አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ» አለኝ።

ወይዘሮ ሳሎን በበኩሏ በጋብቻ የመጣች ምስኪን ስለሆነች በግድግዳ ጉዳይ አትገባም። «የእኔ ሥራ ማጽዳት ነው፤ አቧራ አየሁ፣ ጠረግኩ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው አይቼ አላውቅም።

ግንበኛውን ፈልጌ እዚሁ ሰፈር አጥር ሲሠራ አገኘሁት። ሲያየኝ ደንገጥ አለ። «ወንድሜ፣ እኔ መዶሻውን ብቻ ነው የያዝኩት» አለኝ። ማን አዘዘህ? ስለው ማሰብ ጀመረ። «ያዘዘኝ ሰው የለም። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው ነበር፤ አንዱ ብቻ ሳይዞር “እንግዲህ” አለ» አለኝ። ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ነው። «እንግዲህ» ያለው ማን እንደሆነ ግን ከጀርባው መለየት አልቻለም።

ነገሩን ለአጎታችን አቀረብኩ። አጎታችን ጠብ ሲሸታቸው ኮታቸውን የሚያስተኩሱ ሰው ናቸው፤ ማስታረቅ ሙያቸው ነው፣ መመስገንም። መጥተው ሶፋው ላይ፣ በእማዬ ራስጌ በኩል፣ ተመቻችተው ተቀመጡ። ቦታ ለመምረጥ አልተቸገሩም፤ የቱ ጋ እንደሚጎደጉድ ያውቁ ነበር። ጋሼ በአንድ ወገን፣ ወይዘሮ ሳሎን በሌላው፤ እኔ ተከሳሽ ይመስል ፊት ለፊት በርጩማ ላይ። «ልጆቼ፣ ጥፋተኛ ፍለጋ ቤት ያፈርሳል» ብለው ጀመሩ። ቤቱ ፈርሶ ነው የጠበቀኝ፣ አልኳቸው። «አየህ፣ ችግሩ ይሄ ነው። አፍህ» አሉኝ።

እኔም አፌን ሰብስቤ ወደ መጋረጃው ዞርኩ። ጋሼን ግድግዳው መቼ ነው የወደቀው? ብዬ ጠየቅኩት። «በቅርቡ፤ እናንተ ልትመጡ ሰሞን» አለ። መጋረጃውን ያዘዝከኝስ? ብዬ እኔው መለስኩለት፤ እማዬ ራሷን በሳተችበት ሰሞን ነው። «ታዲያ ጋሼ፣ ገና ያልወደቀ ግድግዳ ሲወድቅ መጋረጃው ስንት እንደሚሆን ማን ነገረህ? አይጦቹ?» አልኩት።

ቴሌቪዥኑ እንኳ ያፈረ መሰለኝ። እትዬ፣ ያን መጋረጃ ገበያ ላለ ለማንም ልብስ ሰፊ ቢሰጡት ኖሮ እውነቱ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ ይቀር ነበር። ግን የእኛ ሰዎች ናቸው፤ «የቤት ልብስ ሰፊ እያለ ለምን ውጭ?» አሉና እናቱን የሚያስታምመውን ሰው፣ በእናቱ አልጋ አጠገብ የሚሰፋውን ሰው፣ የእናቱን ክፍል መጋረጃ አዘዙት። ስስታቸው ጥንቃቄያቸውን ቀደመው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነሱ ግን ባለቤቷን አልናቋትም፤ እኔ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣኋት ሳለ ሜትር ይዘው ቀበሯት እንጂ። ቀልዴን እዚህ ላይ አስቀምጬ ልንገርሽ፤ ያን ቀን ወንድም እንዳለኝ ረሳሁ። ፊቱን እያየሁ ይሄ ሰውዬ ማነው? አልኩ በሆዴ።

መጀመሪያ ወይዘሮ ሳሎን ነቃች። መጋረጃው የታሰበው ለበረንዳው ነበር አለች። አጎታችን ወዲያው «ለበረንዳው ነው እንግዲህ» አሉ። በረንዳችን ሰው ጎን ለጎን እንደማያስቆም አስታወስኳቸው። ያኔ ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ ከባድ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ቀና አለ። «ሰው እንዳላስቀይም ብዬ ልደብቀው ነበር። ካስጨነቃችሁኝ ግን ልናገር። ያዘዘችው እዚያ ማዶ ያለችው ናት። “እማዬ እንግዲህ አትመለስም፤ ክፍሏን ከሳሎኑ ቀላቅሉት” ያለችኝ እህታችን ናት፤ በስልክ» አለ።

ሁሉም እፎይ ሲሉ ሰማኋቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው። ዝናቡ ነጻ ወጣ፣ አይጦቹ ነጻ ወጡ፣ መኪናውም መንገዱን ቀጠለ። ጥፋቱ ባሕር ተሻግሮ፣ አፍ በሌለሽ ቦታ፣ አንቺ ላይ ዐረፈ። አጎታችን ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው «ሩቅ ያለን ሰው ማን ይወቅሳል? ናፍቆት ያናግራል፤ በቃ፣ ተዘጋ» ብለው ፈረዱ። ቀጥለውም ታላቄ ላይ ድምፄን ከፍ ስላደረግኩ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። እማዬ ጠብ መሀል እንዳትገባ ብዬ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኩ። በዚያ ሸንጎ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ ትልቅ ሰው ነውና ይቅር አለኝ።

እማዬን ላመጣ ስሄድ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ሄድኩ፤ ስመለስም አፌን ስከፍት ስዘጋ ደረስን። ከመኪናው በራሷ እግር ወረደች። ምርኩዟን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሁሉም ተሰልፈው እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ አሉ። ቤትሽ ሲሉ አላፈሩም። እሷ ግን ወደ ሰው አላየችም። ዓይኗ ከሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ መስኮቷ ሄደ።

«ግድግዳው?» አለች።

«ወደቀ፣ እማዬ። ማንም አልነካውም» አላት ጋሼ።

«ማንም?»

«ማንም» አለ። አጎታችንም «ማንም» አሉ። ወይዘሮ ሳሎን ራሷን ነቀነቀች። እማዬ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው፤ እኔንም ጭምር። ከዚያ «ማንም ካልነካው ክፍሌም ከቦታው ነው። አልጋዬን አምጡልኝ፤ ደክሞኛል» አለችና ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

ጋሼ «እዚህ እኮ እማዬ፣ እንግዳ ሲመጣ…» ብሎ ጀመረ። «ያስወጣኝ ሰው አለ?» አለችው፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። አለ ቢል ማመን ነው፤ የለም ቢል አልጋ መሸከም ነው። እትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ ከባድ ነገር ሲሸከም ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዕቃ ቤት እስከ ሳሎን ላቡ ጠብ ጠብ ሲል፣ አጎታችን ኮታቸውን እንዳይነካባቸው ጥግ ይዘው «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ አገዙት። ሶፋው ከቦታው ተነሥቶ ወደ በሩ ተገፋ፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚገባ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ይመታዋል።

እኔም መሰላል ላይ ወጥቼ መጋረጃውን ከመስኮቶቹ አወረድኩ። ወለሉ ላይ፣ የግድግዳው እግር በነበረበት፣ በአዲስ ሲሚንቶ የተደፈነ ጠባሳ አለ። ልክ በእሱ አናት ዘንግ ዘርግቼ መጋረጃውን ሰቀልኩት። ያ እንደ አንሶላ ተወጥሮ የነበረ ጨርቅ እዚያ ላይ እጥፍ ሆነ። ሽብሽቡ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ የአንዱ መታጠፊያ ከሌላው አላነሰም። በሙያዬ እንደዚያ ያማረ መጋረጃ አልሰቀልኩም። ሳላውቀው ለእማዬ ነበር የሰፋሁት።

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ ጫፉን ያዘችው። እንደዚያ ጊዜው በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። «ይሄ እኔ የያዝኩልህ አይደል?» አለችኝ። ነው አልኳት። ያቺ የሆስፒታል ቀን ስትመጣባት ከፊቷ አየኋት።

«ያኔ ነዋ» አለች።

ፊቷን ወደ መስኮቷ አዞረች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኑሯችን አሁን እንዲህ ነው። መጋረጃው ወዲህ ጋሼና ወይዘሮ ሳሎን እንግዳ ይቀበላሉ፤ መጋረጃው ወዲያ እማዬ ትኖራለች። እንግዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናታችሁስ እንዴት ናቸው?» ሲል ወይዘሮ ሳሎን በሹክሹክታ «ደህና ናቸው» ትላለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ እማዬ «ደህና ነኝ፣ እዚሁ ነኝ» ትላለች። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚዋሽ ባለሥልጣን ከመጣ ትስላለች፤ ጋሼ የሚያወራው ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ትስላለች። የሚጎበኘን ሰው ቀንሷል። ጋሼ ራሱ ውጭ ማምሸት ለምዷል። ግድግዳውን መልሶ ላስገንባ ብሎ ግን አንድ ቀን አልተናገረም፤ ማስገንባት ማፍረስን ማመን ይሆንበታላ። ጡቦቹም በረንዳው ሥር ተሰልፈው፣ የሚጠራቸው ሰው ይጠብቃሉ።

እኔ ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የጋሼ ክህደት አንጀቴን ቢያቃጥለውም አዲስ አይደለም፤ ልጅ እያለን እንኳ እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ አላውቀውም የሚል ሰው ነው። ያቃተኝ የአንቺ ነገር ነው። ልቤ አላለችም ይለኛል። ደጋግሞ ይለኛል። ግን ያን ክፉ ሰሞን ለእኔ መደወል አቁመሽ በጋሼ በኩል ብቻ ትጠይቂ እንደነበር ትዝ ይለኝና ልቤ ያን ያህል ጮክ ብሎ መናገሩ ራሱ ያጠራጥረኛል።

ጋሼ ስላንቺ ያለውንና እንደምጽፍልሽ ለእማዬ ስነግራት «ያን ነገር እንዳትጠይቃት» አለችኝ። ለምን? ስላት «ብላ ከሆነ አላልኩም ትልሃለች። ሳትል ቀርታ ከሆነ ይከፋታል። በሁለቱም እህትህን ታጣለህ» አለችኝ። እሷ ይህን ስትል እጇ ጨርቁ ላይ ነበር። ከእኔ ይልቅ መልሱን የምትፈራው እሷ መሆኗ የገባኝ ያኔ ነው።

እኔ ግን ትእዛዟን ጥሼ ይኸው እጠይቅሻለሁ። እትዬ፣ ብለሻል?

ብለሽ ከሆነ አልኩ በይኝ። ሩቅ ነሽ፣ ደክሞሽ ይሆናል፣ ተስፋ ቆርጠሽ ይሆናል፣ ጋሼ አባብሎ አናግሮሽም ይሆናል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እቆጣ ይሆናል፣ ተኮራርፈንም እንከርም ይሆናል። ግን «እኔ ነኝ» የሚል ቃል በዚህ ቤት ከጠፋ ቆይቷል፤ አንቺ ከማዶ ብትልኪልን ከምትልኪው ዕቃ ሁሉ ይበልጥብኛል። ሳትይ ቀርተሽም ከሆነ እንዲሁ ጻፊልኝ፤ ሳሎኑ መሀል ቆሜ ከመጋረጃው ወዲያም ወዲህም እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ብቻ አደራሽን፣ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር እንዳትዪኝ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ለዝምተኛው አማቻችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ዝምታ እንደሱ ሲሆን ያምራል፣ እንደኛ ቤት ሲሆን ያስፈራል። ትልቋን ሳሚልኝና አጎትሽ ጥያቄሽን አታቁሚ ብሏል በያት። ትንሿን ሁለት ጉንጯን። እማዬ «ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ትያዘው፤ ለእኔ አታስቢ፣ ክፍሌ ውስጥ ነኝ በላት» ብላለች። ወይዘሮ ሳሎን ሰላም ትልሻለች፤ መጋረጃው አሁን ሽብሽቡ ጥሩ ነው ትላለች። አጎታችን ታላቅን አክብሩ ይላሉ። ጋሼም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ በስልክ ብትጠይቂው ግን ማለቱን እንጃ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ልብስ ሰፊው

ከቤታችን፣ ከእማዬ ክፍል
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፤ ዛሬም ዝናብ አልጣለም